የሞተር ሳይክል ሱስፔንሽን ማስተካከልና ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሱስፔንሽን የሚጠይቀኝ ሞተረኛ አብዛኛውን ጊዜ ወሬውን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። «የትኛው ሾክ ይሻለኛል?» ይላል። እኔም «ሳጉን ለክተኸዋል?» ብዬ እመልሳለሁ። ብዙዎቹ አልለኩም። ሾክ የምንለው የኋላውን ነው፤ ፊቱን የሚይዙት ሁለት እግሮች ፎርክ ይባላሉ። ሳግ ደግሞ ሞተሩ በክብደት የተነሳ የሚረግበው መጠን ነው፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ከታች ያሉት ደጋግመው የሚመጡት ጥያቄዎች ናቸው። የምናወራው አስፋልት ላይ በየቀኑ ስለሚነዳ ሞተር ነው። ውድድርና ሞቶክሮስ ሌላ ዓለም ነው።

ሱስፔንሽን ለምቾት አይደል እንዴ?

ምቾቱ ምርቃት ነው። ዋናው ሥራው ጎማው ከመሬት እንዳይለይ ማድረግ ነው። አየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬን አይዝም፣ መሪም አይታዘዝም።

ሥራውን የሚካፈሉት ሁለት ናቸው፤ ሞላና ዳምፐር። ሞላው ክብደት ይሸከማል። ሲጫኑት ጉልበት ያጠራቅማል፣ ሲለቁት መልሶ ይሰጣል። ብቻውን ቢተው ሞተሩ አንድ ጉብታ አልፎ ሦስት አራት ጊዜ ይነጥር ነበር። ዳምፐሩ ያንን ጉልበት ይበላዋል፤ ይህ ሥራው ዳምፒንግ ይባላል። ውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ያሳልፍና ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። መጥፎ መንገድ ላይ ብዙ ከነዳችሁ በኋላ ሾኩ የሚሞቀው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞላ የሚሰማው ምን ያህል እንደተጫነ ነው፤ በፍጥነት ይሁን በዝግታ ግድ የለውም። ዳምፐር ደግሞ የሚሰማው ፍጥነት ነው፤ ሞተሩ ዝም ብሎ ከቆመ ዳምፐሩ ምንም አይሠራም። ስለዚህ ሞተራችሁ ቆሞ እንኳ በጣም ዝቅ የሚል ከሆነ የሞላ ጉዳይ ነው። ሲሄድ የሚወዛወዝ ወይም የሚነጥር ከሆነ ዳምፐሩን ጠርጥሩ። ግማሹ ግራ መጋባት የሚመጣው ሁለቱን ከመቀላቀል ነው።

በነገራችን ላይ፣ በዘይት የሚሠራው ቴሌስኮፒክ ፎርክ በፋብሪካ ሞተር ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1935 በቢኤምደብሊው አር12 እና አር17 ነው። ከዚያ ወዲህ ውስጡ ብዙ ተለውጧል። ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ንፋስ። ጎማው ራሱ የመጀመሪያው ሞላ ነው። ሳትነዱት፣ ገና ቀዝቃዛ እያለ ለኩትና አምራቹ ከጻፈው ጋር አስተያዩት። እኔ አንዴ ሳምንት ሙሉ ሾኬን ስረግም ከርሜ ጥፋቱ ቀስ ብሎ ንፋስ የሚያስወጣ የጎማ ቫልቭ ሆኖ ተገኘ። ለሰው ለመናገር እንኳ አፈርኩ።

ቀጥሎ የመሪው ኩሽኔታ። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሱና የፎርኩን ታች ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳብ ገፋ አድርጉ። ልል ከሆነ ወይም ካንቋቋ ችግር አለ። ከዚያ መሪውን ቀስ ብላችሁ ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩት። መሃል ላይ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ እንደገባ ቀጥ የሚል ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። የኋላውን ጎማ የሚይዘውን ክንድም ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት። በተበላ ኩሽኔታ ላይ ምርጥ ሾክ መግጠም በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።

ደግሞስ የፎርኩ ዘይት ስንት ዓመቱ ነው? የሞተሩን ዘይት በሰዓቱ የሚቀይር ሰው የፎርኩን ዘይት ሞተሩን ከገዛ ጀምሮ ላያየው ይችላል።

ሳግ የሚባለው ምንድን ነው? እንዴት ነው የምለካው?

ሳግ ማለት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋበት ቁመት በክብደት የተነሳ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ነው። ባዶውን ሲሆን የሚረግበው አንድ ቁጥር ነው፤ እናንተ ስትቀመጡበት የሚረግበው ሌላ።

ለምን መርገብ ያስፈልገዋል? ጎማው ጉብታ ሲያገኝ ወደ ላይ መሄጃ ይፈልጋል። ጉድጓድ ሲያገኝ ደግሞ ወደ ታች መውረጃ ይፈልጋል። ሳግ ያ የመውረጃ ቦታ ነው። ከሌለ ጎማው ጉድጓዱ ላይ ይንሳፈፋል። ከበዛ ደግሞ ለጉብታው የሚሆን ቦታ ያልቃል።

ለመለካት ሁለት ረዳት ያዙ። አንዱ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ሜትር ይዞ ይለካል። እናንተ ሁልጊዜ ስትነዱ የምትለብሱትን ሁሉ፣ ሄልሜቱንም ጫማውንም ለብሳችሁ ትቀመጣላችሁ።

ከኋላ እንጀምር። ጎማው ከመሬት እስኪለቅ ሞተሩን አንሱት። ከጎማው አክስል ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ፣ ጭራው ላይ በፕላስተር እስካደረጋችሁት ምልክት ድረስ ለኩ። 560 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። አሁን ሞተሩን አውርዱና ተቀመጡበት። እግራችሁን ማሳረፊያው ላይ አድርጉ። ረዳታችሁ ጭራውን ወደ ታች ተጭኖ ቀስ ብሎ ይልቀቀውና ይለካ፤ 522። ከዚያ ጭራውን ወደ ላይ አንስቶ ቀስ ብሎ ይልቀቀውና እንደገና ይለካ፤ 528። አማካዩ 525 ነው። ከ560 ላይ 525 ሲቀነስ 35 ይቀራል። ሳጋችሁ 35 ሚሊ ሜትር ነው።

ለምን ሁለት ጊዜ ይለካል? በ522 እና በ528 መሃል ያለው ልዩነት ሰበቃ ነው። ኦይል ሲሉ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው ላስቲክ) እና ሌላው የሚፋተገው ክፍል ሁሉ እንቅስቃሴውን ይዘውታል። አንድ ጊዜ ብቻ የለካ ሰው ያገኘው ሳጉን ይሁን ሰበቃውን አያውቅም። ልዩነቱ ከመጠን ካለፈ ያም ራሱ የሚነግራችሁ ነገር አለ። ፎርኩ ጎብጦ ይሆናል፣ ወይም አክስሉ ሲጠብቅ ሁለቱ እግሮች ተጣመው ታስረው ይሆናል።

ከፊት በኩልም አካሄዱ አንድ ነው። የሚለካው የሚያብረቀርቀው ቱቦ ከውጭ የሚታየው ርዝመቱ ነው። ቱቦው ከላይ በኩል ከሆነ ከሲሉ እስከ ማቀፊያው (ሁለቱን ቱቦዎች ከላይ የሚይዘው ብረት)፣ ከታች በኩል ከሆነ ከሲሉ እስከ አክስሉ መያዣ ለኩ።

ስንት ይሁን? ጎማው ከላይ እስከ ታች የሚሄድበትን ሙሉ ርቀት እርምጃ እንበለው። እርምጃው 120 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የአስፋልት ሞተር ነጂው ተቀምጦበት ከፊትም ከኋላም ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ቢረግብ ጥሩ ነው። ከሩብ እስከ ሲሶ መሆኑ ነው። እርምጃው ረጅም በሆነ ሞተር ቁጥሩ ያድጋል፣ ድርሻው ግን ብዙም አይርቅም። ባዶውን ደግሞ ኋላው ከ5 እስከ 15 ቢረግብ ደህና ነው።

እኔ የምወደው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ነው። ተቀምጣችሁበት 35 ሆኖ ባዶውን ዜሮ ከሆነ፣ ሞላው ለእናንተ ለስላሳ ነው። ቁመቱን ያገኘው በግድ ተጨምቆ ነው። ተቀምጣችሁበት 35 ሆኖ ባዶውንም 25 ከረገበ ደግሞ ሞላው ለእናንተ ጠንካራ ነው። ያለ ምንም ውድ መሣሪያ፣ በሜትር ብቻ፣ ሞላ መቀየር አለባችሁ ወይስ የለባችሁም የሚለው ተመለሰ።

ፕሪሎድ ሳጠብቅ ሞላው ይጠነክራል አይደል?

አይጠነክርም። በሞተረኞች መሃል ይህን ያህል ሥር የሰደደ ስህተት የለም። ፕሪሎድ ማለት ሞላው ገና ክብደት ሳያርፍበት አስቀድሞ የሚጨመቅበት መጠን ነው።

በቁጥር እንየው። የኋላ ሞላችሁ 90 ኒውተን በሚሊ ሜትር ነው እንበል። አንድ ሚሊ ሜትር ለማሳጠር 90 ኒውተን ይፈልጋል ማለት ነው። 10 ሚሊ ሜትር ፕሪሎድ ከሰጣችሁት ገና ከመነሻው በ900 ኒውተን ተወጥሮ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ሚሊ ሜትር አሁንም 90 ነው። የተለወጠው የሞተሩ ቁመት ነው። ፕሪሎድ የቁመት ማስተካከያ ነው ብላችሁ ያዙት።

ታዲያ ለምን ደርቆ ይሰማል? ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ሱስፔንሽኑ የሚቆመው ከላይኛው ጫፍ አጠገብ ነው። ወደ ታች መውረጃው ስለሚያልቅ በየጉድጓዱ ጫፉን ይመታል። መቀመጫችሁ ላይ የሚደርሰው ያ ምት ነው።

ከኋላ ሲሆን ሌላም ነገር አለ። ሾኩ የሚሄደው ጎማው ከሚሄደው ርቀት ብዙ ጊዜ ግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ሾኩ ላይ የምታዞሩት አንድ ሚሊ ሜትር ጎማው ጋ ሲደርስ ሁለትና ከዚያ በላይ ይሆናል። በትንሽ በትንሹ አዙሩ።

ክብደቴ ከአማካይ ሰው ይለያል። ሞላ ልቀይር?

ልኬታችሁ ከላይ እንዳልኩት ካሳያችሁ፣ አዎ። ለአብዛኛው ነጂ ከማንኛውም ማሻሻያ በፊት የሚመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ፋብሪካው ሞላውን የመረጠው ለአንድ አማካይ ሰው ነው። እናንተ ያ ሰው ካልሆናችሁ በጣም ውድ የሆነው ዳምፐር እንኳ አያድናችሁም።

የሞላ ጥንካሬ በኒውተን በሚሊ ሜትር ወይም በኪሎ በሚሊ ሜትር ይጻፋል። አንድ ኪሎ በሚሊ ሜትር 9.8 ኒውተን በሚሊ ሜትር ነው። ፎርክ ላይ ከ9.0 ወደ 9.5 ኒውተን በሚሊ ሜትር መውጣት ትንሽ ይመስላል፤ ስትነዱት ግን ይታወቃል። ሁለት እግር ስላለ ለውጡ በሁለት ይባዛል።

ሞላ ቆርጦ ማሳጠር የሚባል ዘዴ አለ። ተዉት። ሞላ ጥምዝምዙ ሲያንስ ይጠነክራል። ስለዚህ የቆረጠ ሰው ሞተሩን ዝቅም ደረቅም ያደርገዋል፣ መመለሻም የለውም። የሽቦው ውፍረት ደግሞ ከምታስቡት በላይ ለውጥ ያመጣል። ውፍረቱ 5 በመቶ ብቻ ቢጨምር ጥንካሬው ከ20 በመቶ በላይ ያድጋል። ሁለት ሞላ በዓይን አይቶ «ያው ናቸው» ማለት አይቻልም።

ጥምዝምዙ አንድ ወጥ የሆነ ሞላ ይሻላል ወይስ ከአንድ ጫፍ ጠጋ ጠጋ ያለው? የኔ ምርጫ አንድ ወጥ የሆነው ነው። ጥንካሬው ከመነሻ እስከ መጨረሻ ስለማይለወጥ ዳምፒንጉን ለእሱ ማስተካከል ይቀላል። አንድ ቀን ብቻውን፣ በማግስቱ ሰው አፈናጥጦና ሻንጣ ጭኖ የሚነዳ ሰው ግን ሁለተኛውን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ኮምፕሬሽንና ሪባውንድ ይለዩብኛል። የቱን ነው የማዞረው?

ኮምፕሬሽን ሱስፔንሽኑ ሲጨመቅ የሚይዘው ዳምፒንግ ነው። ሪባውንድ ተጨምቆ ሲመለስ የሚይዘው ነው። ከሪባውንድ ጀምሩ።

ከሁሉ በፊት ግን አሁን ያለበትን ጻፉ። ማስተካከያውን በሰዓት አቅጣጫ እስኪዘጋ ድረስ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ቀጭ ባለ ቁጥር ቁጠሩ፤ አንዱ ቀጭ አንድ ክሊክ ነው። 12 ጊዜ ቀጭ ካለ «ከዝግ 12» ብላችሁ ጻፉና መልሱት። ሲዘጋ አታስገድዱት። ውስጡ ያለው ቀጭን መርፌ ነው፣ ጫፉ ይበላሻል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሳልጽፍ አራቱንም ማስተካከያ በአንድ ከሰዓት አዟዟርኩ። ማታ ሞተሩ እንደ ፈረስ ይዘል ነበር፤ የፋብሪካው ቁጥር የቱ እንደነበረም አላወቅሁም።

የሪባውንድ የመጀመሪያ ፈተና ቀላል ነው። ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ መቀመጫውን በኃይል ተጫኑና ልቀቁት። ወደ ላይ ተመልሶ ቀጥ ቢል ጥሩ። ካለፈ በኋላ ተመልሶ ከወረደ ሪባውንዱ ትንሽ ነው። እንደ ደከመ ሰው እየተንፏቀቀ ከተነሳ በዝቷል። ይህ ለመነሻ ያህል ነው፤ እውነቱ የሚታወቀው መንገድ ላይ ነው።

ሪባውንድ ሲበዛ የሚያታልል ነገር አለ። ተከታታይ ጉብታ ላይ ሞላው አንዱን ጨርሶ ሳይመለስ ሌላው ይደርሳል። ሱስፔንሽኑ እየተጨመቀ እየተጨመቀ ይሄድና መጨረሻ ላይ መንቀሳቀሻ ያጣል። ነጂው «ደርቋል» ብሎ ኮምፕሬሽኑን ይከፍታል። ጥፋቱ ግን ከሪባውንዱ ነው። ስለዚህ ሞተራችሁ በመጀመሪያው ጉብታ ለስላሳ፣ በአራተኛው ደረቅ ከሆነ ሪባውንዱን ሁለት ክሊክ ክፈቱለት።

አንዳንድ ሾክ ላይ «ዝቅተኛ ፍጥነት» እና «ከፍተኛ ፍጥነት» የሚሉ ሁለት የኮምፕሬሽን ማስተካከያዎች አሉ። የሞተሩ ፍጥነት አይደለም። የሾኩ ዘንግ የሚንቀሳቀስበት ፍጥነት ነው። ፍሬን ስትይዙ ፎርኩ የሚጨመቀው በዝግታ ነው፣ በ100 ብትነዱም። ስለታም ጠርዝ ያለው ጉድጓድ ግን በ30 ብትነዱም ዘንጉን በከፍተኛ ፍጥነት ይገፋዋል።

ማስተካከያው የት ነው የሚለው እንደ ሞተሩ ይለያያል። አንዳንድ ፎርክ ኮምፕሬሽኑን በአንድ እግር፣ ሪባውንዱን በሌላው ይሠራል። የሞተሩን መመሪያ ግለጡ።

ፍሬን ስይዝ ፊቱ ይደፋል። ወፍራም ዘይት ልጨምርበት?

መጀመሪያ፣ መድፋት ራሱ በሽታ አይደለም። ክብደት ወደ ፊት ሲሄድ የፊት ጎማው መንገዱን ይበልጥ ይይዛል፣ መሪውም ወደ ኩርባ ለመግባት ይቀለዋል። ችግሩ ሲበዛ ወይም በድንገት ሲሆን ነው።

ምን ያህል እንደሚደፋ ለማወቅ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በፎርኩ ቱቦ ላይ እሰሩ። ከሲሉ ጋር አስጠግታችሁ ውጡና እንደወትሮው ንዱ። አንድ ሁለቴ ጠንከር አድርጋችሁ ፍሬን ያዙ። ማሰሪያው የቆመበት ቦታ ፎርኩ የደረሰበት የመጨረሻ ነጥብ ነው። ከጫፉ 10 ወይም 15 ሚሊ ሜትር ቀርቶት ከቆመ እርምጃውን በደንብ እየተጠቀማችሁበት ነው። ጫፉን ከመታ ሳጉን ለኩ፤ ሞላው ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ግማሹን እንኳ ካልደረሰ ደግሞ የከፈላችሁበትን ሱስፔንሽን እየተጠቀማችሁ አይደለም።

ሞላውና ሳጉ ትክክል ሆነው ጫፉን አልፎ አልፎ የሚነካ ከሆነ የዘይቱን ከፍታ አስቡ። ፎርኩ ውስጥ ከዘይቱ በላይ አየር አለ። ሲጨመቅ ያ አየር እንደ ሁለተኛ ሞላ ይሠራል፤ በተለይ መጨረሻው ላይ። ዘይቱ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል የአየሩ ቦታ ይጠባል፣ መጨረሻውም ይጠነክራል። መጀመሪያው ላይ ግን ለውጡ እምብዛም አይሰማም። ከፍታው የሚለካው ሞላው ወጥቶ፣ ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ድረስ ነው። ሁለቱ እግሮች እኩል ይሁኑ። በሊትር ለክቶ መሙላት በቂ አይደለም፤ አሮጌው ዘይት ሁሉ አይወጣም።

ወፍራም ዘይቱን በተመለከተ፣ የሞላ ችግርን በዘይት ማከም ነው። መድፋቱን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ጉድጓድ ላይ ደግሞ ክንዳችሁን ያነዝረዋል።

የፎርክ ዘይት 10 ከሆነ የየትኛውም ኩባንያ አንድ አይደለም?

አይደለም። «10ደብሊው» የሚለው ቁጥር በፎርክ ዘይት ላይ ከኩባንያ ኩባንያ የተለያየ ውፍረት ሊኖረው ይችላል። ማየት ያለባችሁ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስንት ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) እንደሆነ ነው። ይህ በዘይቱ መረጃ ወረቀት ላይ ይገኛል። ዘይት ስትቀይሩ ድንገት ሞተሩ «ሌላ ሆነብኝ» ካላችሁ መልሱ እዚያ ሊሆን ይችላል።

መቼ ይቀየር? ለመንገድ ሞተር በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየሁለት ዓመቱ ጥሩ ልማድ ነው። የሞተራችሁ መመሪያ ከዚህ ያጠረ ካለ እሱን ተከተሉ። የሚወጣው ዘይት ግራጫ ሆኖ ሲሸት ዘግይታችኋል።

የኔ ፎርክ ምንም ማስተካከያ የለውም። ዕድል አለኝ?

አላችሁ። ብዙ ርካሽና አሮጌ ሞተሮች ውስጡ ቀዳዳ ያለው ዘንግ ብቻ ያለበት ፎርክ አላቸው። ዘይቱ ሁልጊዜ በዚያው ቀዳዳ ያልፋል። ጠባዩ አስቸጋሪ ነው፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ይህ ፎርክ ፍሬን ላይ የሚልፈሰፈሰውና ስለታም ጉድጓድ ላይ እንደ ብረት ዱላ የሚመታው። ቀዳዳውን ብታጠቡት አንዱ ይሻላል፣ ሌላው ይብሳል።

መፍትሔው ዘይቱ ግፊት ሲበዛበት የሚከፈት ቫልቭ ማስገባት ነው። ኢሙሌተር የሚባል ትንሽ ቫልቭ አለ፤ ከሞላው ሥር ይቀመጣል፤ ለሞላና ለዘይት ከሚወጣው ብዙ አይበልጥም። ከዚያ ከፍ ሲል ሙሉ ካርትሪጅ አለ። እሱ የፎርኩን ውስጥ በሙሉ ይተካል፣ ማስተካከያም ይዞ ይመጣል። በየቀኑ ሥራ የሚሄድበት ሰው ትክክለኛ ሞላና ኢሙሌተር ካስገባ ካርትሪጁን ቶሎ አይመኝም።

የኋላ ሾኬ ሞቷል መሰለኝ። ላሳድሰው ወይስ አዲስ ልግዛ?

የሞተ ሾክ ምልክቱ ዘይት ማፍሰስ ነው። ሌላው ከጉብታ በኋላ ደጋግሞ መወዛወዝ፣ ኩርባ መሃል ላይ ደግሞ እንደ ጀልባ መዋኘት ነው። ሌላም አለ፤ ጠዋት ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚጠፋ ሾክ። ያረጀ ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ዳምፒንጉም አብሮ ይሄዳል።

አንዳንድ የፋብሪካ ሾክ ይፈታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሲሠራ የተዘጋ ነው። የሚፈታ ከሆነና አካሉ ጤነኛ ከሆነ ማሳደሱ ጥሩ ነው። አዲስ ዘይት፣ አዲስ ሲል፣ ለእናንተ ክብደት የሚሆን ሞላ። ግን ቤት ውስጥ አትፍቱት። ብዙ ሾክ ውስጥ ከፍተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጅን አለ። የተወጠረው ሞላም ሲለቅ ሰው ይጎዳል።

አዲስ ስትገዙ የምትገዙት ስሙን ወይም ቀለሙን አይደለም። የስዊድኑ ኦሊንስ ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ነው፤ ወርቃማ ሾኩን የማያውቅ ሞተረኛ የለም። እሱም ቢሆን ሞላው ለሌላ ሰው ክብደት የተመረጠ ከሆነ ጌጥ ነው። ስታዙ ክብደታችሁን ከነልብሳችሁ፣ ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደምታፈናጥጡና የምትነዱበትን መንገድ ንገሩ። ሻጩ ካልጠየቃችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ያገለገለ ሾክ ከሌላ ሞተር አምጥቶ መግጠምም አለ። ርዝመቱ ቢገጥም እንኳ የዚያ ሞተር ክብደትና የማያያዣው ክንድ ምጥጥን (ጎማው ሲሄድ ሾኩ ምን ያህል እንደሚሄድ) ሌላ ነው። የሞላውም የዳምፒንጉም ስሌት አብሮ ይፈርሳል። እኔ አልመክርም።

ሰው ሳፈናጥጥ ምን ልለውጥ?

የኋላውን ፕሪሎድ ጨምሩ። ደረጃ ያለው ቀለበት ከሆነ በልዩ ቁልፉ ሁለት ደረጃ ያህል ከፍ አድርጉ። ካላደረጋችሁ ጭራው ይወድቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ መብራታችሁም የሚያበራው ዛፍ ነው። የሪባውንድ ማስተካከያ ካለም አንድ ሁለት ክሊክ ዝጉት፤ የበለጠ የተጨመቀ ሞላ በበለጠ ኃይል ይመለሳል። ብቻችሁን ስትሆኑ መመለሱን አትርሱ።

ፎርኩን በማቀፊያው ውስጥ ወደ ላይ ባወጣው መሪው ይቀላል ሲሉ ሰማሁ።

እውነት ነው። ቱቦው ወደ ላይ ሲወጣ የሞተሩ ፊት ዝቅ ይላል፣ ፎርኩም ይበልጥ ቀጥ ይላል። ሞተሩ ቶሎ ይታጠፋል። ነገር ግን ቀጥ ባለ መንገድ በፍጥነት ስትሄዱ የነበረው መረጋጋት ይቀንሳል፤ ሲበዛ መሪው መርገፍገፍ ይጀምራል። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር አትለፉ። ሁለቱ እግሮች እኩል መሆናቸውን ለኩ። ፎርኩ ጫፉ ድረስ ሲጨመቅ ጎማው ከላዩ ያለውን ነገር እንዳይነካም አረጋግጡ። ኋላውን ከፍ ማድረግም ተመሳሳይ ውጤት አለው። ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጉ።

እግሬ አጭር ነው። ሞተሩን ላሳጥረው?

ይቻላል፣ ግን ነጻ አይደለም። በማያያዣ ብረት ኋላውን ዝቅ ስታደርጉ ኩርባ ላይ የእግር ማሳረፊያው ቶሎ መሬት ይነካል። የጎን መቆሚያው ይረዝምና ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ትንሽ ገፋ ቢያደርጉት ይወድቃል። የሾኩ ምጥጥንም ይለወጣል። ኋላው ብቻ ዝቅ ካለ መሪው ይከብዳል፣ ስለዚህ ፊቱም መውረድ አለበት። ካቴናውንም እንደገና አስተካክሉ። መጀመሪያ የመቀመጫውን ስፖንጅ ማሳነስ ወይም ሶሉ ወፈር ያለ ቦት ሞክሩ።

ፎርኬ ዘይት ያልባል።

መጀመሪያ ቀጭን፣ ጠንካራ ፕላስቲክ በሲሉ ከንፈር ሥር አስገብታችሁ ዙሪያውን አጽዱት። ብዙ ጊዜ አሸዋ ነው። ካልቆመ ሲሉ ይቀየራል፤ ቱቦው ላይ ጭረት ካለ ግን አዲሱም ሲል አይበረክትም። ዘይቱ የፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ ሞተሩን አትንዱት። ሸራውም ይቀየራል።

ኤሌክትሮኒክ ሱስፔንሽን ያለው ሞተር ይህ ሁሉ አያስፈልገውም?

ቢኤምደብሊው ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዝራር በመጫን የሚስተካከል ሱስፔንሽን አቅርቧል። ዛሬ ደግሞ እየነዳችሁ ዳምፒንጉን በራሱ የሚለዋውጥ አለ። በጣም ደስ ይላል። ነገር ግን ሞላው አሁንም ብረት ነው። ክብደታችሁ ከሞላው ጋር ካልተስማማ ኮምፒውተሩ የሚሠራው በተሳሳተ መነሻ ላይ ነው። ሜትሩን ያዙ።

ራሴ ልሥራው?

ሳግ መለካት፣ ክሊክ ማዞር፣ ማስታወሻ መያዝ የማንም ሥራ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ በምታውቁት አንድ መንገድ ላይ ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ ሱስፔንሽኑ እስኪሞቅ አሥር ደቂቃ ንዱ። ልዩነቱ ካልተሰማችሁ አራት ክሊክ አዙሩና እስኪበላሽ እዩት፣ ከዚያ ተመለሱ። ሾክ መፍታት የባለሙያ ነው። ፎርክ ዘይትና ሞላ መሃል ላይ ነው፤ መመሪያው፣ የማጥበቂያ መለኪያ ቁልፍና ትዕግሥት ካላችሁ ይቻላል።

የፊቱን ጎማ ስትመልሱ አንድ ነገር አትዝለሉ። የአክስሉን ዋና ብሎን አጥብቁ፣ የሚቆነጥጡትን ትንንሽ ብሎኖች ግን ላላ አድርጋችሁ ተዉ። ሞተሩን አውርዱና ፎርኩን አምስት ስድስት ጊዜ ጨመቅ ለቀቅ አድርጉት። እግሮቹ ራሳቸው ቦታቸውን ያገኛሉ። ከዚያ ትንንሾቹን መመሪያው በሚለው ልክ አጥብቁ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የፍሬኑን እጀታ ደጋግማችሁ ጫኑ። ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን የሚይዘው) ወጥቶ ከነበረ የመጀመሪያው ጫና ባዶ ነው።